«እሺ» ብቻውን ውሳኔ አይደለም፦ በርቀት ለሚሠራ ቡድን የስብሰባና የደንብ መመሪያ

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ አንዲት እንግዳ ጣና ላይ፣ ክብራን ገብርኤል ደሴት ጥግ፣ ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብላ ባሏን ጠበቀች። ጥፋቱ የእኛ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ የሠራነው የጀልባ ጉዞ መመዝገቢያ ግን አልተናገረም። ባልና ሚስቱ የሁለት ሰው ከፍለው ተሳፈሩ። ደሴቱ ሲቃረብ ጀልባ ነጂው አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

የሚያናድደው ይህ አይደለም። ጉዳዩን ከሦስት ሳምንት በፊት በኦንላይን ስብሰባ አንስተነው ነበር። «ማስጠንቀቂያ ይግባበት» ተባለ። ሁላችንም «እሺ» አልን። ሰባት ሰው፣ ሰባት «እሺ»። ዲዛይነሩ «እሺ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» ማለቱ ነበር። ፕሮግራመሯ «እሺ፣ ዲዛይኑ ሲደርሰኝ እሠራዋለሁ» ማለቷ ነበር። እኔ ደግሞ «እሺ፣ ተጀመረ» ብዬ ወደ ሌላው ሥራ ሄድኩ። ሥራውን የያዘ ሰው አልነበረም።

አንድ ቢሮ ውስጥ ብንሆን ኖሮ በማግስቱ ቡና ላይ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» እንባባል ነበር። እኛ ግን ሦስታችን ባሕር ዳር፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዷ ዋሽንግተን ነን። ዓይን ለዓይን አንተያይም። ስለዚህ ዓይን ይሠራው የነበረውን ሁሉ አፍ መሥራት አለበት፤ አፍ የተናገረውን ደግሞ ጽሑፍ መያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ስብሰባችንን ከሥሩ እንደገና ሠራነው። የሠራልንን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ያልሠራልንንም አልደብቅም።

1. መጀመሪያ ስብሰባው የግድ መሆኑን ጠይቁ

ይህን ቶሎ ልለፈው። ለመንገር ብቻ ከሆነ ቴሌግራም ላይ ጻፉት። ለመወሰን ወይም ለመከራከር ከሆነ ተሰብሰቡ። እኛ ሰኞ ሰኞ «ምን ሠራችሁ?» የሚባል ስብሰባ ነበረን። ሰባት ሰው ተራ በተራ ሲዘግብ ስድስቱ ፌስቡክ ላይ ናቸው። አሁን ሰኞ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት እያንዳንዱ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ የጨረስኩት፣ የያዝኩት፣ የቸገረኝ። ስብሰባ ሐሙስ ብቻ ሆነ። የናፈቀው ሰው የለም።

2. ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ከፈረንጅ ሰዓት ጋር የሚሠራ የሐበሻ ቡድን የመጀመሪያ ጠላቱ ኔትወርክ አይደለም፤ ሰዓት ነው።

አንድ ጊዜ «ሐሙስ 3 ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ያለነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገባን። ዱባይ ያለው ልጅ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ከሰዓት 3፡00 ብሎ ካላንደሩ ላይ መዘገበው። እኛ ጨርሰን፣ ተበትነን፣ ምሳ በልተን ስንመለስ «ሰው የለም እንዴ?» የሚል መልእክቱን አገኘን። የዋሽንግተኗን ደግሞ ጭራሽ አላሰብኳትም። ከጠዋቱ 3 ሰዓታችን እሷ ዘንድ ድቅድቅ ሌሊት ነው።

አሁን የስብሰባ ጥሪ የሚጻፈው በዚህ መልክ ብቻ ነው፦

«ሐሙስ ጥቅምት 20፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 30። በኢትዮጵያ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 16፡00። ዱባይ 17፡00። ዋሽንግተን ከጠዋቱ 9፡00።»

ረዘመ አትበሉ። አንድ ጊዜ ጽፋችሁ በየሳምንቱ ቀኑን ብቻ ትቀይራላችሁ። ከዚያ በተጨማሪ በካላንደር ላኩት፤ ስልኩ ራሱ ወደየአገሩ ሰዓት ይቀይረዋል። ግን ካላንደሩን ብቻ አትመኑ። እናቱ ቤት ሆኖ በቁልፍ ስልክ የሚሠራ ሰው ካላንደሩን አያየውም።

ሌላም አለ። እኛ ሰዓት አንገፋም። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። አውሮፓ የሚገፋው በማርች የመጨረሻው እሑድ፣ የሚመልሰው በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ከላይ ያለው ጥሪ በሳምንቱ፣ ጥቅምት 27፣ ለዋሽንግተኗ ከጠዋቱ 8፡00 ይሆናል ማለት ነው። ያን ሰዓት ልጇን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። እሷ በለመደችው 9፡00 ብትገባ ደግሞ እኛ ጨርሰን ወጥተናል።

ስለዚህ ቡድኑ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሰዓቱ የሚታሰረው በማን ነው? እኛ በዋሽንግተን አሰርነው። ማለትም ፈረንጆቹ በኖቬምበር ሲመልሱ እኛ ወደ 11 ሰዓት እንሸሻለን፣ በማርች ወደ 10 እንመለሳለን። ትንሽ ያስቸግራል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ከሚቸገር ግን ይሻላል ብለን ነው።

የማይሰበሰብባቸውንም ቀኖች በዓመቱ መጀመሪያ ምልክት አድርጉባቸው። ጥምቀት (ጥር 11) እና ኢድ ግልጽ ናቸው። የሚረሳው ሌላው ነው። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ አለ። በወር በ12 ወይም በ21 ሥራ የማይነካ ሰው ይኖራል። ጳጉሜን ደግሞ ለዱባዩ አሠሪ ማስረዳት ራሱን የቻለ ስብሰባ ነው።

3. አጀንዳውን በጥያቄ ጻፉት

«ስለ ክፍያ» አጀንዳ አይደለም። ርዕስ ነው። ርዕስ ሲሰጠው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይናገራል። እኛ «ስለ ክፍያ» ብለን ሃያ አምስት ደቂቃ አውርተን ስለ ዶላር ምንዛሪ ጨርሰናል።

«ቅድመ ክፍያ በቴሌብር ብቻ እንቀበል ወይስ በባንክም?» ይህ አጀንዳ ነው። መልሱ ሲገኝ ያልቃል። ሌላ ምሳሌ፦ «የኡራ ኪዳነ ምሕረት መግቢያ ከጀልባ ትኬቱ ጋር ይካተት ወይስ ጎብኚው ዘጌ ላይ ራሱ ይክፈል?»

ለ40 ደቂቃ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጎን የባለቤቱን ስምና ደቂቃውን ጻፉ። ረቡዕ ማታ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ቀድሞ መነበብ ያለበት ሰነድ ካለ ሰው እንደማያነበው እወቁ። እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። አሁን ስብሰባው ላይ ማይክ ዘግተን አምስት ደቂቃ አብረን እናነባለን። መጀመሪያ ቀን ሁሉም «ኔትወርክ ጠፋ መሰለኝ» እያለ ሲደነግጥ ነበር። አሁን ለምደነዋል።

4. ደንቡን አብራችሁ ጻፉ፤ እድርን አስቡ

የመጀመሪያ ደንባችንን ያወጣሁት እኔ ብቻዬን ነው። ከኢንተርኔት ሃያ ሁለት ነጥብ ሰብስቤ፣ ተርጉሜ፣ ማታ ለጠፍኩት። ስድስቱም አውራ ጣት አደረጉበት። ያነበበው ግን አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በኋላ ትዝ ያለኝ የአባቴ እድር ነው። ላፕቶፕ የላቸውም፣ ግን ስብሰባቸው ከእኛ ይሻላል። መተዳደሪያ ደንባቸው ተጽፏል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አላቸው። ስም ይጠራል። የቀረና ያረፈደ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ድንኳን ማን ይተክላል የሚለው ሲለቀስ አይመከርበትም፤ ቀድሞ ተወስኗል። ደንብ ማለት ይኼው ነው። ችግሩ ሲመጣ አዲስ ክርክር እንዳይጀመር በሰላሙ ቀን የተቋጨ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ላኩ፦ «ባለፉት ስብሰባዎች በጣም ያናደደህ ነገር ምንድን ነው?» ለሴቷም እንደዚሁ። በግሩፕ አትጠይቁ፤ በግሩፕ ከተጠየቀ «ሁሉም ደህና ነው» ነው የሚባለው። እኔ ያገኘሁት መልስ አስደንግጦኛል። ከስድስቱ ሦስቱን ያናደድኳቸው እኔ ነኝ። ሰው ሳይጨርስ አቋርጥ ኖሯል።

ቀጥሎ መልሶቹን ስም ሳትጠሩ ሰብስቡና እያንዳንዱን ቅሬታ ወደ አንድ አጭር ደንብ ቀይሩት። ከአሥር አይብለጥ። ከዚያ አጀንዳው ይህ ብቻ የሆነ ስብሰባ አድርጉ። እያንዳንዱ ደንብ ጮክ ብሎ ይነበብ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ድምፅ «እስማማለሁ» ወይም «ይህን አልቀበልም» ይበል። አውራ ጣት አይቆጠርም። የጸደቀውን ግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርጉት።

የእኛ ዛሬ እንዲህ ይነበባል፦

ማይክ ተዘግቶ ይገባል። ባጃጅ፣ ጄኔሬተርና ዶሮ እዚህ ስብሰባ ላይ ድምፅ የላቸውም።

ካሜራ በፈቃድ ነው። አዲስ ሰው የመጣ ቀን ብቻ ሁሉም ለአምስት ደቂቃ ይከፍታል።

የሚቀር ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ይናገራል። መብራት ወይም ኔትወርክ የሄደበት በኤስኤምኤስ «ጠፋብኝ» ይላል፤ ምክንያት አይጠየቅም።

ከአምስት ሰው በታች ከሆንን እንወያያለን እንጂ አንወስንም።

«እሺ» ያለ ሰው ቀን ይጨምርበታል።

ስብሰባው ላይ ያልተነሳ ተቃውሞ ቃለ ጉባኤው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ በውስጥ መስመር ማጉረምረም የለም።

ሁሉም ሳይፈቅድ ስብሰባ አይቀረጽም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የተላከ መልእክት መልስ የሚጠበቅበት በማግስቱ ነው።

ቅጣትም ሞክረን ነበር፣ ልክ እንደ እድር። ያረፈደ 50 ብር። የዱባዩ ልጅ የአራት ሳምንቱን አስቀድሞ ላከና በየሳምንቱ ተረጋግቶ ያረፍድ ጀመር። ሰረዝነው። አሁን መጨረሻ የገባው ሰው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በሰዓቱ መግባት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

5. መብራት፣ ኔትወርክ፣ ዳታ

ለዚህ ላልተዘጋጀ ሰው ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

መጀመሪያ ቪዲዮ ተዉ። ዙም ራሱ በሚሰጠው መለኪያ፣ ለድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃል። ጥሩ ቪዲዮ 600 ኪሎቢት ገደማ ይፈልጋል። ሒሳቡን ስሩት። በ80 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 36 ሜጋባይት ይበላል። በ600 ኪሎቢት 270 ሜጋባይት። ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የእናንተም ካሜራ ከተከፈተ ይጨመራል። ከኪሱ ጥቅል ገዝቶ ለሚገባ ልጅ ልዩነቱ የምሳ ዋጋ ነው። ካሜራ ክፈት ብሎ ማስገደድ ነውር ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋና መስመርና መጠባበቂያ ይኑራችሁ። የነፃው ዙም ለቡድን በ40 ደቂቃ ይቆርጣል። የነፃው ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ በ60 ደቂቃ። ብዙ ሰው ያማርራል፤ እኔ እንደ በረከት ነው የማየው። የእኛ ዋና መስመር ዙም ነው፣ መጠባበቂያው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሚከፈተው የድምፅ ጥሪ። ዙም ከተቆራረጠ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ቴሌግራም ላይ ነው። «የት ነን?» የሚል ጥያቄ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ሰብሳቢው ቢጠፋ ማን እንደሚተካ አስቀድሞ ይታወቅ። አንድ ሐሙስ ሰብሳቢ ነበርኩ። ሁለተኛው አጀንዳ ላይ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ። ስልኬ 6 በመቶ ነበር። ተመልሼ ስገባ ስድስቱም ዝም ብለው ይጠብቁኛል። አሥራ አንድ ደቂቃ! ሁሉም የሚያስበው «እኔ ብቀጥል ድፍረት ይመስላል» ነው። ጨዋነት እኛ ዘንድ ሥራ ያቆማል። አሁን ተተኪው ጥሪው ላይ ስሙ ይጻፋል፤ ሰብሳቢው ከሁለት ደቂቃ በላይ ከጠፋ ይቀጥላል። ፓወር ባንክ ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ይሞላል።

አራተኛ፣ ኢንተርኔት ጨርሶ ለሌለው ሰው መንገድ ይኑር። በ2015 ነሐሴ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች ላፕቶፕ አንጠልጥለን ዋይፋይ ያለበት ሆቴልና ካፌ ስንዞር ነው የኖርነው። ያኔ የጀመርነው ዘዴ አሁንም አለ። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው በተራ ስልክ ትደውላለች። ስፒከር ታደርግና ከላፕቶፑ ማይክ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ግን ይሰማል፣ ይወስናል።

6. መምራት

ሰላምታውን አትቁረጡት። እኔ «በቀጥታ ወደ አጀንዳ» የሚል ሞክሬ ስብሰባው ፍርድ ቤት ሆነ። እኛ ሰው ደህና ማደሩን፣ እናቱ መዳኗን ሳንሰማ ስለ ክፍያ አናወራም። መፍትሔው መስመሩን ከአሥር ደቂቃ በፊት መክፈት ነው። የፈለገ ቀድሞ ገብቶ ይጫወታል። የዋሽንግተኗ ስለ ብርዱ፣ የጎንደሩ ስለ ውሃ ወረፋው፣ እኔ ስለ ጣና ንፋስ። ሰዓቱ ሲሞላ ስም ይጠራል፣ ስብሰባው ይጀመራል።

ከዚያ ታናሽ ይቅደም። አብረውን የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ጀልባ ነጂዎቹን ሁሉ በስም ያውቃሉ። እሳቸው ሐሳብ ከሰጡ በኋላ ሌላ ሐሳብ የለም። «ጋሼ እንዳሉት» ብቻ ነው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፦ «እኔን መጨረሻ አድርጉኝ። እኔ ከተናገርኩ እነዚህ ልጆች አፋቸውን ይይዛሉ።» አሁን ተራው ከትንሹ ይጀምራል፣ ጋሼ ከሰብሳቢው በፊት፣ ሰብሳቢው መጨረሻ። በሁለተኛው ሳምንት የመጨረሻዋ ተቀጣሪ ጋሼ የሚደግፉትን የጠዋት መነሻ ሰዓት ተቃወመች። ትክክል ነበረች።

በስም ጠይቁ። «አስተያየት ያለው?» ብላችሁ ለአየር ብትለቁት ዝምታ ነው የሚመለሰው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ዝምታ ስምምነትም ቅሬታም የኔትወርክ መቆራረጥም ሊሆን ይችላል፤ በስልክ አይለይም።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። እኛ «አዎ» የምንለው ሁልጊዜ በቃል አይደለም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ ወይም ቅንድብ እናነሳለን። ፊት ለፊት ይህ ሙሉ መልስ ነው። ኦንላይን ላይ ግን ቅንድቡ አይታይም። ትንፋሹንም የድምፅ ማጣሪያው ጫጫታ መስሎት ሊውጠው ይችላል። የጎንደሩ ልጅ እንዲህ ነው የሚመልሰው። እኔ «ትስማማለህ?» እላለሁ። እሱ ሳብ ያደርጋል። ምንም አይሰማም። «ሄሎ? ይሰማል?» እላለሁ። እሱ ደግሞ መልሶ ሳብ። እንዲህ እየተባባልን ደቂቃ ይሄዳል። አሁን «በቃል መልሱ» የሚለው የሰብሳቢው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ «እሺ» ልመለስ። ሰብሳቢው እሺ በሰማ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምኑን? አንተ ነህ የምትሠራው? እስከ መቼ? መጀመሪያ ላይ ሰውን የምትመረምሩ ይመስላችኋል። የሰው እሺ ግን ብዙ ዓይነት ነው። «ሰምቻለሁ» የሚል እሺ አለ። «አልስማማም ግን አላስቀይምህም» የሚል አለ። «ነገ እናያለን» የሚልም አለ። ቀን ሲጠየቅ የትኛው እንደሆነ ይለያል። «እስከ ሰኞ» ካለ ይሠራዋል። «እንግዲህ… እንግዲህ እንሞክራለን» ካለ ችግሩን አሁኑኑ ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አለ።

7. ቃለ ጉባኤ፣ ስብሰባው ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ

ረጅም ቃለ ጉባኤ የሚያነብ የለም። ማን ምን ተናገረ አያስፈልግም። ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። በቃ። በፊደል ይጻፍ። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ላይ ጋሼ መነጽራቸውን ሦስት ጊዜ ይወለውላሉ። የእኛ አንዱ እንዲህ ነበር፦

«ሐሙስ ጥቅምት 20። ስድስት ሰው ተገኝቷል።

አንድ። የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ማስጠንቀቂያ፦ ጎብኚው ቦታውን እንደመረጠ፣ ከመክፈሉ በፊት ይታያል። ዲዛይነሩ፣ እስከ ሰኞ ጥቅምት 24። እስኪያልቅ ሁለቱ ደሴቶች ከዝርዝሩ ወጥተዋል።

ሁለት። የኡራ ኪዳነ ምሕረት መግቢያ፦ ትኬቱ ውስጥ አይገባም። ጎብኚው እዚያው እንደሚከፍል ይጻፋል። ፕሮግራመሯ፣ እስከ ሰኞ ጥቅምት 24።

ሦስት። የመነሻ ሰዓት፦ አልተወሰነም። ጋሼ ጀልባ ነጂዎቹን ጠይቀው እስከ ረቡዕ ጥቅምት 26 ይነግሩናል።»

ሦስተኛውን ተመልከቱት። ያልተወሰነም ይጻፋል። ያልተጻፈ «አልተወሰነም» በሳምንቱ «ወስነን አልነበር?» ይሆናል።

8. ደንብ ሲጣስ

በሰው ፊት አትገሥጹ። ግሩፕ ላይ «አንዳንድ ሰዎች» ብሎ መጻፍም ያው ግሣጼ ነው፤ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል። ደውሉለት። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። መጀመሪያ ደህና መሆኑን ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲቀር የነበረ አንድ ልጅ ስንደውልለት ላፕቶፑ ተበላሽቶ ነው፤ መናገር አፍሮ።

በሦስት ወር አንዴ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ማንም የማይጠብቀው ደንብ ካለ ሰውየውን ከመውቀስ በፊት ደንቡን ጠርጥሩት። እኛ ሁለቱን ሰርዘናል፣ አንድ ጨምረናል።

9. ዛሬ ማታ የሚላከው

መጀመሪያው መልእክት ይኼ ነው። ስሙን ቀይራችሁ፣ ለየሰዉ ለብቻ፣ በውስጥ መስመር ላኩት፦

«እንዴት አመሸሽ? የሐሙሱን ስብሰባ ማስተካከል ፈልጌ ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ንገሪኝ። እስካሁን በስብሰባችን በጣም ያናደደሽ ምንድን ነው? እኔን የሚመለከት ቢሆንም ጻፊው። ሌላው፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 16፡00፣ የሚያስቸግርሽ ቀን የትኛው ነው? እስከ እሑድ ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 20፡00፣ እጠብቃለሁ። እሺ ብቻ ብለሽ እንዳታልፊው።»